ለሰው ያልተጻፈው አንቀጽ

ማክሰኞ ጠዋት ከጂንካ ወደ ሃና ከተማ የተነሳሁት እዚያ የሚያስተምረውን ጓደኛዬን ታደሰን ሆስፒታል ለማምጣት ነው። “መምህሩ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ቶሎ ና” ብላ የደወለችልኝ ጎረቤቱ አልማዝ ናት።

እኔና ታደሰ ለዓመታት አንድ ልብ ወለድ አብረን ስንጽፍ ቆይተናል። በፈጠርነው አገር የድንጋይ ግዙፎችና ክንፋም ድንክዬዎች በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ እኩል ግን አያረጁም። ስለዚህ ለየፍጡሩ መጠጥ የሚፈቀድበትን ዕድሜ ደነገግን። ግዙፉ ዘጠኝ መቶ ዓመት ስለሚኖር መቶ ሃምሳ ሳይሞላው አይቀምስም። ድንክዬው ዕድሜው አንድ ክረምት ስለሆነ በሰባተኛ ቀኑ ይፈቀድለታል። የቀረን ሰው ብቻ ነበር። ታደሰ ስጠይቀው ሁልጊዜ “እሱን ለኔ ተወው” ይለኛል።

ማጎ

ወደ ሃና መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ያገኘሁት አይሱዙ ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር በጀሪካን ጭነቱ ላይ ወጣሁ። የማጎን ፓርክ ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ባሰ፤ ዝንቡ በጃኬት ላይ እንኳ ይነክሳል። የተቀመጥኩበት ጀሪካን በተናጠ ቁጥር አረቄ ይሸተኝ ጀመር። ሹፌሩ ጋሽ ሙሉ ሞተሩን ሊያቀዘቅዙ ሲቆሙ ጠየቅኳቸው።

“ጋሽ ሙሉ፣ ይሄ ሁሉ አረቄ ለማን ነው?”

“ለጠጪ ነዋ! እኔ ጫኝ ነኝ ልጄ።”

“ዕድሜ የሚጠይቅ የለም?”

“እዚያ የሚጠየቀው ብር ነው።”

ታደሰን ያሳመመው አረቄ ነው፤ ጓደኛዬን ላድን የምጓዘው በሚገድለው ነገር ላይ ተቀምጬ ነበር። ተናደድኩ፤ ግን ወርጄ በእግሬ አልሄድ ነገር፣ ተመልሼ ወጣሁ።

ሃና

አልማዝ የአሪ ሴት ናት። በሩ ላይ ጠብቃኝ እንዲህ አለች፦

“እኛ ቦርዴ ስንጠጣ ሁለት ሰው ጉንጭና ጉንጭ ገጥሞ ነው፣ ካንድ ቅል። ላንዱ ሲበዛበት ሌላው ቅሉን ዝቅ ያደርግለታል። መምህሩ ግን በር ዘግቶ ነው የሚጠጣ። ማን ዝቅ ያድርግለት?”

ታደሰ ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ቀጥኖ ተኝቷል። ሳየው ደነገጥኩ።

“አቶ ደራሲ! ግዙፎቹ ደህና ናቸው?” አለኝ።

“ደህና ናቸው። ሰው ነው የቀረን። ተነስ እንሂድ።”

መልስ

በማግስቱ በዚያው አይሱዙ ተመለስን፤ ጋሽ ሙሉ ሁለታችንንም ጋቢና አስገቡን። ባዶ ጀሪካኖቹ ከኋላችን ይንኳኳሉ። ማጎ ላይ ታደሰ ትኩስ ጉንጩን ከጉንጬ አስጠጋ።

“አልማዝ የነገረችህን ሰምቻለሁ” አለ። “ለሰው ዕድሜ አትጻፍ።”

“ታዲያ ምን ልጻፍ?”

“ቅሉን ዝቅ የሚያደርግለት ካለው ይጠጣ። ከሌለው በመቶ ዓመቱም አይፈቀድለት።”

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መዘግየታችንን ነገረኝ። ታደሰ ሳምንት አልቆየም።

አንቀጹን እሱ እንዳለው ጻፍኩት። ዘጠኝ መቶ ዓመት ለሚኖር ፍጡር ስጨነቅ አጠገቤ ያለው ሰው አመለጠኝ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ሕግ ማውጣት ቀላል መሆኑን ተማርኩ፤ በር ማንኳኳት ነው የሚከብደው።

ከቀብር ስመለስ ጋሽ ሙሉን መንገድ ዳር አገኘኋቸው፤ ጭነት ያስራሉ።

“መምህሩስ?” አሉኝ።

“ቀበርነው።”

ኮፍያቸውን አወለቁ። “ነፍስ ይማር” አሉና ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። ጀሪካኖቹ ሞልተው ነበር።