ሰዲ ሲሏት ሰዴት

ፌኔት ጉታ ቡራዩ ውስጥ ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስምንቱን የሠራችው በአሠሪዋ በዘርሁን ስም ነበር፤ ግድግዳውን የምታለብሰው እሷ፣ «እጁ ወርቅ ነው» የሚባለው እሱ። የእትዬ ማሪቱ መታጠቢያ ቤት በራሷ ስም የተቀበለችው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

እትዬ ማሪቱ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ጎጃሜ ናቸው። ሥራውን ሲሰጧት ነገሩን አልሸሸጓትም፤ «ልጄ፣ አንዲት ስህተት ካየሁ ዘርሁንን ነው የምጠራው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሱቃቸውን ለሠራተኛ ትተው፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ስበው እጇን እጇን ያያሉ።

ክፍሉ ከጓዳው የተከፈለው በብሎኬት ሳይሆን በቱቦላሬ ብረት ቋሚዎች ነው። ሳይለብስ ሲያዩት የከሳ በሬ ጎን ይመስላል፤ ከጎድን ጎድን መሃል ቧንቧዎቹ እንደ ደም ሥር ብቅ ይላሉ። በቋሚዎቹ ላይ የሲሚንቶ ቦርድ በብሎን ይታሰራል፣ በቦርዱ ላይ ሴራሚኩ ይለጠፋል። ቧንቧው የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ቦርዱ መሬት ላይ ሳለ ተለክቶ መበሳት አለበት።

ማክሰኞ ጠዋት የጎረቤቱ ወፍጮ ያጓራል። ፌኔት ቦርዱ ላይ ተንበርክካለች፤ ሽማግሌው ቧንቧ ሠራተኛ ኦቦ ዋቆ ሜትር ዘርግተው ከቋሚዎቹ ጀርባ ልኩን ይጠሩላታል። የሁለቱ የሥራ ቋንቋ ሁሌም ኦሮምኛ ነው።

«ሶዶሚ ሰዲ!» አሉ። ሠላሳ ሦስት ማለታቸው ነው።

ወፍጮው የቃሉን ጅራት አብሮ ፈጨውና ጆሮዋ የደረሰው «ሶዶሚ ሰዴት» ሆነ፤ ሠላሳ ስምንት። ምልክት አድርጋ በሳችው።

ቦርዱን አንስተው ሲያስጠጉት በቀዳዳው የሚታየው ባዶ ጨለማ ነው። ቧንቧው አምስት ሳንቲ ሜትር ወዲያ ሆኖ ቦርዱን ከኋላ ይገፋል። ኦቦ ዋቆ ሳቃቸውን ዋጥ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ዝግ ባለ ድምፅ አንጎራጎሩ፦

«ሦስቱን ስምንት ብለሽ ቦርዱን የበሳሽው፣
ቧንቧውን በየት በር ውጣ ብለሽ ጠራሽው?»

«ኦቦ ዋቆ፣ በፈጠረዎት!»

«እሺ፣ እሺ። ስሚ፣» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ፣ «በፍሌክስ ቆርጠሽ እስከ ቧንቧው ድረስ አስፊው። ሴራሚኩ ገበናሽን ይሸፍንልሻል። እኔ አላየሁም።»

ፍሌክሱን አነሳች። የቦርዱ ትርፍ የለም፤ በሩ ላይ ሴትዮዋ አሉ፤ የዘርሁን ስልክ ቁጥር ደግሞ በእጃቸው ነው። ከኋላው ባዶ የሆነ ሴራሚክ ሲኳኳ እንደ ቅል እንደሚጮህ፣ ሁለት ክረምት ሳይደግም እንደሚሰነጠቅ ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍሌክሱን መልሳ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ አንዴ ይምጡ። ቦርዱን አበላሽቼዋለሁ።»

እትዬ ማሪቱ መጥተው ጣታቸውን በቀዳዳው አሳለፉ። «ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ?»

«ውኃ መንገድ ያገኛል፣ እትዬ። ዛሬውኑ መርካቶ ወርጄ ሌላ ቦርድ አመጣለሁ፤ ይኼኛው ተቆርጦ ለመስኮቱ ሥር ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አንቱስ ምን ብለው ነው የጠሩላት?»

«ሰዲ።»

«እሷስ ምን ሰማች?»

«ሰዴት።»

«ኧረ ለእኔስ ሁለቱም አንድ ነው!» ብለው ሳቁ። ፌኔት ግን አልሳቀችም፤ ቀጥሎ የሚጠራውን ስም እየጠበቀች ነበር።

እትዬ ማሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በርጩማውን ብድግ አደረጉ። «በይ ሂጂና አምጪ። እኔም ወደ ሱቄ ልሂድ፤ ያቺ ልጅ ደንበኛ አባራ ጨርሳለች። ቁልፉ ይኸው፣ ስትጨርሺ ቆልፈሽ ታመጪልኛለሽ።»

ፌኔት ቁልፉን ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተች። ወደ ታክሲው ስትወርድ በላዩ ላይ እጇን እንደጫነች ነበር።