የጠገበው ግድብ

ባሌ የጎርፍ መከላከያው ግድብ ጠባቂ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ከእኛ መንደር በኩል ባለው ደረቅ የግድቡ ግንብ ላይ ጆሮውን ለጥፎ «እንዴት አደርክ ወንድሜ?» ይለዋል። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ቅጥል ነው የምለው!

ትናንት መሐንዲሱ መጥቶ፣ አፉ ድረስ የሞላውን ግድብ አየና «የደህንነት ደረጃው አጥጋቢ ነው» ብሎ ሄደ። ባሌ ግን አልተዋጠለትም።

«ጠግቧልማ» አለኝ፤ «የጠገበ በቅሎ ደግሞ ይራገጣል።»

ዛሬ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። ባሌ ከግድቡ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምነው፣ ወንድምህ ዘጋህ እንዴ?» ብዬ አሾፍኩበት።

«ኧረ መለሰልኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ከጆሮው የደፈረሰ ውሃ እየተንጠባጠበ ትከሻውን አርሶታል።