የካፒቴኑ መርፌ

ጣሊያኖች መተማ ላይ ያሰሩን ባለቤቱ ጥሎት በሸሸ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ውስጡ የዳቦ ምድጃ ይሆናል። አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ በሩን ከፍቶ ሲገፈትረኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሻገተ ጥጥ፣ ላብና ሽንት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። መካከሉ ላይ አንድ ጎልማሳ በጆንያ ላይ በጀርባው ተንጋሏል።

«ግባ ወንድሜ፤ ብቻ እግሬን እንዳትረግጥብኝ» አለኝ።

ኋላ እንደተረዳሁት ብረግጠውም አይሰማውም ነበር።

እኔን ያሰሩኝ ሽንፋ ላይ ለአርበኞች እህል አቀብለሃል ብለው ነው። አቀብያለሁ። እሱ ግን ራሱ አርበኛ ነበር፣ የአርማጭሆ ሰው። ኮኪት አጠገብ ማርከውት፣ እጁን የፊጥኝ አስረው በካሚዮን ሲያመጡት መንገድ ላይ ዘሎ ወረደ። ያረፈው በጀርባው፣ ድንጋይ ላይ ነው። ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሱ መሆኑ ቀረ።

በማግስቱ ጧት የጣሊያኖቹ ሐኪም መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። የሚያስተረጉምለት አስካሪ የሐማሴን ልጅ ነበር። ሐኪሙ በስፒል የሰውየውን እግር ከጣቱ ጀምሮ ወጋ ወጋ እያደረገ ወደ ላይ ወጣ። እምብርቱ ጋ እስኪደርስ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። ቀጥሎ በቀጭን የጎማ ቱቦ ሽንቱን አወጣለት፤ ያለዚያ አይወጣም።

«ምንህን ያምሃል?» አለው አስካሪው።

«እግሬን። ፍም ላይ የቆምሁ ያህል ያቃጥለኛል።»

ግራ ገባኝ። ስፒል የማይሰማው እግር እንዴት ይቃጠላል? ጠየቅሁ። ሐኪሙ ሳይቆጣ መለሰልኝ፤ አስካሪውም ቃል እየፈለገ እንዲህ አለኝ፦ «በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው ጅማት ተበጥሷል። የሚጮኸው የተበጠሰበት ቦታ ነው፤ እሱ ግን ከእግሩ የመጣ ይመስለዋል። ሕመሙ እውነት ነው፤ ውሸታም እንዳትሉት።»

ያን ቀን መርፌ ወጋው። ሞርፊን ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ የጨበጠው እጁ ተፈታ፣ ግንባሩ ላላ። ስለ ቀዬው ማሽላ አጫወተን፤ ወፉ እንዴት እንደሚያስቸግራቸው። ሐኪሙ ከመውጣቱ በፊት በእጁ እያሳየ ሰውየውን እንዴት እንደምናገላብጠው አስተምሮን ነበር። እንደ ግንድ አንድ ላይ ይዘን፣ ወገቡን ሳናጣምም፣ ከጎን ወደ ጎን። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ሥጋው ይበሰብሳል።

ከዚያ በኋላ ግን መርፌው ቆመ። ሐኪሙ ቢመጣም የሚሰጠው ክኒን ነበር፤ ክኒኑ ለዚያ ሕመም ምንም አልሠራም። ምክንያቱን ያወቅነው የጦር ሰፈሩ አዛዥ፣ ካፒቴኑ ራሱ ሲመጣ ነው። መርፌውን ለሐኪሙ በነጭ ጨርቅ አስይዞ ገባና ከሰውየው ራስጌ ቆመ።

«መድኃኒቱ ይኸው» አለ በአስካሪው በኩል። «ቁስለኞቻችሁን ገላባት፣ ወደ እንግሊዝ ግዛት የሚያሻግርላችሁ ሰው አለ። ስሙን ንገረኝ፤ አሁኑኑ ትወጋለህ።»

«የሚያሻግረን በጨለማ ነው። መልኩን አላየሁትም።»

«ስሙንስ?»

«ስም አንጠያየቅም።»

ካፒቴኑ ወጣ። ሐኪሙም መርፌውን እንደያዘ ተከተለው፤ ማናችንንም አላየም።

ያን ቀን ከሰዓት ሰውየው አልጮኸም። ጥርሱን ሲያፋጭ ግን ይሰማል። ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። የታሰሩት ከሱዳን ሻይና ስኳር ያለ ቀረጥ አስገብተዋል ተብለው ነው። ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ ለመጠጥ ከተሰጠን ውሃ እያረጠቡ ግንባሩን ያብሱለታል። እኔ ላገላብጠው ወገቡን እንደያዝሁ፣ ሐጂ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው ሲናገሩ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ይበቃሃል። እኔ እንደሆንሁ አርጅቻለሁ። እኔ ነኝ ልበላቸውና ይገላግሉህ።»

ለካ የሚፈለጉት ሰው እሳቸው ነበሩ።

«ተዉ ሐጂ» አለ ሰውየው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «አንቱን የያዙዎ በስኳር ነው፤ ነገ ዛሬ ይለቁዎታል። አንቱ ከቀሩ ቁስለኛውን ማን ማዶ ያደርሰዋል? ጥይት በሥጋው እንደያዘ በረሃ ላይ ሊያልቅ ነው?»

«አንተስ?»

«እኔንማ መርፌውም አያስነሳኝ።»

ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። «ሰማህ?» አለኝ።

«አልሰማሁም» አልሁት።

«ጎሽ።»

ካፒቴኑ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ዕለት የጫማው ድምፅ ከውጭ ተሰማን። ሰውየው «አንሡኝ» አለ።

«ጀርባህ አይችልም» አልሁት።

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ ከላዬ ቆሞ ነው ያነጋገረኝ። ዛሬ ተቀምጬ ነው የምመልስለት።»

ፊቱን አበስንለት፤ ጋቢውን አስተካክለን አለበስነው። አንድ ላይ ይዘን ቀስ ብለን አነሣነው። ሲነሣ ፊቱ አመድ መሰለ። የሚደገፈው ነገር አልነበረምና ሐጂ ከኋላው ተቀምጠው ጀርባቸውን ከጀርባው ገጠሙ። እኔ ትከሻውን ያዝሁ።

ካፒቴኑ ገብቶ ተቀምጦ አገኘው። ከዚያ ወንበር አስመጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ። አላየሁትም ብዬሃለሁ፤ አላየሁትም።»

የሚፈለገው ሰው ጀርባ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነው ይህን ያለው። ትከሻው በእጄ ውስጥ ዝንፍ አላለም።

ሐኪሙ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ። ካፒቴኑ በአጭሩ መለሰለትና ተነሥቶ ወጣ። አስካሪው አልተረጎመልንም። ሐኪሙ ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ ተንበርክኮ የሰውየውን እጅጌ ሰበሰበና ወጋው። ካፒቴኑ ፈቅዶለት ይሁን ወይም ነገሩ ሰልችቶት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰውየው የካፒቴኑ ጫማ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እንደተቀመጠ ቆየ።

«አሁን አስተኙኝ» አለ።

ሐጂ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈቱ። ሲወጡ ጎንበስ ብለው የሰውየውን እጅ ሳሙ፤ በዕድሜ አባቱ ይሆኑ ነበር። ሰውየው ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። ሐኪሙ እንዳለን ሽንቱ እየታገደ ኩላሊቱን መርዞት ነው፤ ትኩሳቱ አልለቀቀውም። አካሉን አጥበን ስንገንዘው ጀርባው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። ያን ያህሉን ለማድረግ ችለናል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሐጂን መተማ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ከተፈቱ ወዲህ ስንት ቁስለኛ እንዳሻገሩ ጠየቅኋቸው።

«አልቆጠርሁም» አሉኝ። ተሳስመን ተለያየን።

አሁን እኔም አርጅቼ ወገቤ ይዞኛል። ባለፈው ሰሞን ሴት ልጄ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችኝ። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ ዓይኔን ከእጇ ላይ መንቀል አቃተኝ። የፈራሁ መስሏት «አይዞዎት አባባ» አለችኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት ላይ እንደሚያመኝ። ነገርኋት፤ ወጋችኝ።