ሳይቀላ የታዘዘው ብረት

የአምበር ከተማው ቀጥቃጭ ደመላሽ መዶሻ ሲያነሳ፣ ማዶ ጉንደ ወይን ከተማ ያሉ በሬዎች ይደነብራሉ ይባላል። የእሱ ማረሻ ድንጋይ ካገኘ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋዩ ነው። ታዲያ ማረሻውን የሚሻማው አገር ሁሉ፣ ድግስ ላይ «የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል» እያለ ከገበታው ይሸሻል። የማይሸሸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የልጁ የክርስትና አባት፣ ነጋዴው ፍሥሐ።

በ2004 ዓ.ም. ደመላሽ ከቆራሌው አንድ ጉድ ገዛ፤ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ሆድ የወጣ፣ እንደ ጥብጣብ የሳሳ ብረት። ቢያጥፈው ተፈናጥሮ ይመለሳል፤ ቢቀጠቅጠው ይስቅበታል። «ብረት ካልቀላ አይታዘዝም» ብሎ ፍም ውስጥ ከተተው። ቀላ። ሲያወጣው እንደ ድርቆሽ ተንኮታኮተ። አንድ ቀን ግን ቁራጩን በጋለ ብረት ምጣድ ጠርዝ ላይ ለአፍታ ረሳው፤ መስቀል የተቀረጸበት ማተሚያውም ወደቀበት። ብረቱ ሳይቀላ እንደ ሰም ለስልሶ፣ የመስቀሉን ሐረግ አንድ ሳያስቀር ተቀብሎት ተገኘ።

ከደብረ ማርቆስ የመጣ የቴክኒክ መምህር አይቶ፣ «ጋሼ፣ የዚህ ብረት ውስጡ እንደ መስታወት ነው፤ ቅንጣቶቹ ሰልፍ አያውቁም» አለው። «ሲሞቅ ይለሰልሳል። ሙቀቱ ከረዘመበት ግን ይሰለፋሉ፤ ያኔ ደርቆ ይሰበራል።»

ደመላሽ ሰዓት የለውም። የጊዜውን ልክ በጸሎት አገኘው፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያ ማንሳት።

በዚያው ሰሞን የደብሩ አለቃ የኔታ ገዳሙ ለጥምቀት ጃንጥላ ዙሪያ የሚንጠለጠል መቶ መስቀል ፈለጉ፤ ሠሪው በምእመናን ፊት ስሙ ተጠርቶ ይመረቃል። ደመላሽ ይህን ሲሰማ አንድ ክንድ ረዘመ። ሮጦ ለፍሥሐ ነገረው፤ አሠራሩንም አሳየው።

«ማተሚያውን ስጠኝ አበልጄ፣ ለየኔታ ላሳይልህ» አለ ፍሥሐ። ወሰደ፤ ብረቱንም ጨምሮ። ሄዶም «የቀጥቃጭ እጅ ያልነካው፣ የራሴ ሥራ!» ብሎ ትእዛዙን ተቀበለ።

ችግሩ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለታቦት ነገር ለፍሥሐ አነሰው። አምስት ጊዜ ደገመ፤ ውዳሴ ማርያም ጨመረ። ምስኪኑን ብረት በጸሎት ገደለው።

በጥምቀት ጃንጥላው ሲወዛወዝ መቶው መስቀል ረገፈ፤ እስከ ፋሲካ ከካህናቱ ጥምጥም ስብርባሪ ሲለቀም ከረመ።

«ምንድን ነው ይህ፣ ፍሥሐ?» አሉ የኔታ እዚያው በሕዝቡ ፊት።

«እውነቱን ልናገር የኔታ፤ የደመላሽ እጅ ነው። እኔ ሸፍኜለት ነው እንጂ።»

«ብዬ ነበር! ዓይኑ ነው!» አለ ሕዝቡ። ደመላሽ ከኋላ ቆሞ ሰማ።

በማግስቱ ደመላሽ ወደ ፍሥሐ ቤት ሄደ።

«ምን አደረግሁህ አበልጄ?»

«ምንም» አለ ፍሥሐ፣ ሳያፍር። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስሜ ከወደቀ ሱቄ ተዘጋ። ያንተ ስም እንደሆነ ወድቆ የኖረ ነው፤ ምን ይጎድልብሃል?»

ደመላሽ በእሳት ሃያ ዓመት ሲሠራ፣ ሳይግል የሚሰበር ሰው ገና ማየቱ ነበር።

«ማተሚያዬን ይስጡኝ፣ አቶ ፍሥሐ» አለ።

«እንዴ! አቶ?»

ደመላሽ ማተሚያውን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ።