እንግሊዝኛ መሆኑን የረሳችበት ቀን

ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይላታል። በዕድሜ የሚበልጧት ሴቶች ሳይቀሩ እቴቴ ነው የሚሏት፤ እሷም ለምዳዋለች። ፀጉር ቤቷ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር መታጠቢያ፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ መጠኑ የተለያየ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲን። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። «የእኔና የእሷ ሙያ አንድ ነው» ይላል ሰው ባገኘ ቁጥር፤ «እኔ ግድግዳ እቀባለሁ፣ እሷ ራስ ትቀባለች። ልዩነቱ የእኔዎቹ አፍ የላቸውም።»

እቴቴ ትምህርቷን ያቋረጠችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አባቷ ታሞ አልጋ ሲይዝ እሷ የሰው ፀጉር ማጠብ ጀመረች። ከማጠብ ወደ መጠቅለል፣ ከመጠቅለል ወደ መቁረጥ እያለች ሄዳ ሄዳ የራሷን ቤት ከፈተች። በሥራዋ ማንም አያማትም። አንድ ነገር ብቻ ሁልጊዜ ያንገበግባት ነበር፤ የቀለሙም የሻምፖውም የቅባቱም ጠርሙስ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ፊደሉን ታውቀዋለች፣ ድምፁንም እየገጣጠመች ታወጣዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ግን ልጇን መጠየቅ አለባት።

ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የሚወርድላት። መጀመሪያ መጀመሪያ በደስታ ትነግራት ነበር። በኋላ ላይ «እማዬ፣ ይሄን እኮ ትናንት ነግሬሻለሁ» ማለት አመጣች። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ልጅ ናት፣ ይሰለቻታል። ያቺ «ትናንት ነግሬሻለሁ» ግን እቴቴ ሆድ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ለማንም ሳትናገር ሄዳ ለቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች። ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ ቤት ስትገባ ባሏ አየና፣

«ለልጅቷ ነው?» አላት።

«ለእኔ ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከተማሪ ጋር ነው የምኖረው ማለት ነው» አለና ሳቀ። ሳቁ የፌዝ አልነበረም። በማግስቱ ለወዳጆቹ ሁሉ አወራው።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ታናሽ ወንድሟ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። እሱ በዕድሜዋ አክብሮ «እርስዎ» ይላታል፤ እሷ በመምህርነቱ አክብራ «እርስዎ» ትለዋለች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁለቱ ሲነጋገሩ ሽምግልና የተቀመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ እያሉ ይስቁ ነበር።

ንባቡ አሳሯን አበላት። መዝገበ ቃላቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዱን ቃል ትፈልጋለች፣ ትርጉሙን በእርሳስ ከላዩ ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ መነሻው ከራሷ ጠፍቷል። መልሳ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መምህሩ አንድ ቀን አጠገቧ መጥቶ ቆሞ አያትና፣

«እርስዎ እየለቀሙ እንጂ እያነበቡ አይደለም» አላት። «ያልገባዎትን ቃል ይለፉት። እስከ መጨረሻው ይሂዱ።»

«መምህር፣ ማለፍ አላውቅበትም። ፀጉር ስቆርጥ አንዱን ጎን አልፌው ብሄድ ደንበኛዬ ምን ትለኛለች?»

«ሲጨርሱ መስታወት ያዩ የለ? የቀረው ያኔ ይታይዎታል» አላት እሱም።

ነገሩ ገባት፤ እጇ ግን እምቢ አላት። መዝገበ ቃላቱን ካልያዘች ራቁቷን የወጣች ይመስላታል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የባንኳ መጣች። የባንኳ የሚሏት ማዶ ካለው ባንክ የምትሠራ፣ ስለ ፀጉሯ ቀልድ የማታውቅ ደንበኛ ናት። እህቷ ልትመረቅ ስለሆነ ቡናማ ቀለም ፈለገች። እቴቴ በጥብጣ ቀባቻት፣ ራሷን በላስቲክ ሸፈነችላትና ቀለሙ እስኪይዝ ድረስ እሷም አረፍ አለች። የክፍሉ ማንበቢያ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አነሳችው። መዝገበ ቃላቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው የባንኳ ከተቀመጠችበት ወንበር ጀርባ፣ ከኮቷ ሥር ተንጠልጥሏል። ለአንድ ገጽ ብዬ ሴትዮዋን አላስነሳም አለችና እንዲሁ ጀመረችው።

ታሪኩ ስለ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነው። ዓይኑ እየደከመ ሄዷል፤ ለሚስቱ ግን አልነገራትም። ሱቁ ሲገባ መፍቻው በቀኝ፣ ወረንጦው በግራ፣ ሁሉም እጁ በለመደበት ቦታ ይጠብቀዋል፤ እሱም በዳበሳ ይሠራል። ማንም አላወቀብኝም ብሎ ደስ ይለዋል። አንድ ማለዳ ከወትሮው ቀደም ብሎ በሩን ሲከፍት ከውስጥ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል። ሚስቱ ናት። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው እያስቀመጠችለት ነው። ሽማግሌው ምንም ሳይናገር በሩን ቀስ ብሎ መልሶ ይዘጋና እስክትጨርስ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

እቴቴ እዚህ ላይ ስትደርስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እቴቴ! ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች የባንኳ በመስታወቱ ውስጥ አይታት። «ሰው ሞተ እንዴ?»

«ታውቅ ነበር እኮ!»

«ማን?»

«ሚስቱ! ለካ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር!»

የባንኳ ግራ ገብቷት ዞር ስትል ላስቲኩ ተንሸራተተ። እቴቴ ያንን ጭንቅላት አየችና ክው አለች። ዘላ ተነሥታ ሴትዮዋን ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት። ብታጥበው፣ ደግማ ብታጥበው፣ ቀለሙ ካለፈበት ቆይቷል። ቡናማ ይሆናል የተባለው ፀጉር ሬንጅ መስሎ ወጣ።

የባንኳ መስታወቱ ፊት ቆማ ብዙ አየችው። «ቡናማ ነበር ያልኩሽ» አለች በመጨረሻ። «ለመሆኑ ምን ስታደርጊ ነው?»

«ሳነብ።»

«ምን ስታነቢ?»

«እንግሊዝኛ» ልትል አፏን ከፍታ ቆመች። መዝገበ ቃላቱ እንደተንጠለጠለ ነው። አንድም ቃል አልፈለገችም፤ እርሳስም አልነካችም። ያለቀሰችው በእንግሊዝኛ ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ ያስለቀሳት ፈተና ላይ ብቻ ነበር።

«የኔ እህት፣ በጣም ይቅርታ» አለች፤ ፊቷ ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ፊት አልሆነላትም። «እንግሊዝኛ መሆኑን ረስቼው ነው።»

«እሺ፣ እንግዲያው ታሪኩን ንገሪኝ» አለች የባንኳ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች። «ፀጉሬን የበላብኝን ነገር ቢያንስ ልወቀው።»

እቴቴ ቢጉዲኑን እየጠቀለለች ነገረቻት። ሚስትየዋ ጋ ሲደርሱ የባንኳም ፎጣውን አንስታ ዓይኗን ጠረገች። ቀለሙን በሚቀጥለው ሳምንት ልታስተካክልላት ተስማሙና ተለያዩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መምህሩ የቤት ሥራ ሰጠ። ስለ ማንበባችሁና ስለ መጻፋችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ስትመጡ ምን ነበራችሁ፣ አሁንስ ምን ሆናችሁ አለ። ክፍሉ አጉረመረመ። እቴቴ ቤቷ ሄዳ ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ስትቀር ልጇ አዘነችላት መሰለኝ፣ «እማዬ፣ ተይው እኔ እጽፍልሻለሁ» ብላ ባንዴ ገጹን በእንግሊዝኛ ሞልታ ሰጠቻት። ጽሑፉ ያምራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የመጻሕፍት ፍቅር ልቤን ሞልቶት ነበር ብሎ ይጀምራል። እቴቴ ቀስ እያለች፣ ግን ማንንም ሳትጠይቅ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ልጄ፣ ቆንጆ ነው። ይቺ ሴትዮ ግን ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ከልጅነቴ የነበረኝ ሳሙና የበላው ጣት ነው። የምን የመጽሐፍ ፍቅር አመጣሽብኝ?» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችላት። «የባንኳን ፀጉር ነው የምጽፈው።»

«ውይ እማዬ! እሱንማ አትጻፊ፣ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። ሆኗል አይደል?»

ጻፈችው። ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ግሱ አስቸገራት። በራሷ ቋንቋ ግስ ትዕግሥተኛ ነው፤ ሁሉም እስኪያልፍ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የእንግሊዝኛው ቀልቃላ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ገና ሳይቀመጥ እሱ ከኋላው ይገባል። በለመደችው ጽፋ ጽፋ ግሱን ጫፍ ላይ ታገኘዋለች። ልጇ አጠገቧ ሆና በጣቷ ታሳያታለች፤ እሷ ትሰርዛለች፣ መልሳ ትጽፋለች። አንዱ ወረቀት ላይ ሻምፖ ፈሰሰ። ሌላው ላይ ባሏ ብሩሽ ጠረገበት። የተስተካከለውን ካስክ ውስጥ ለተቀመጠች ደንበኛ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ሴትዮዋ በካስኩ ጩኸት አንዲት ቃል ሳትሰማ ራሷን ስትነቀንቅላት ጨረሰች። እቴቴ ግን ተመሰገንኩ ብላ ደስ አላት።

በሳምንቱ እሁድ መምህሩ ማን ያንብብ አለ። መጀመሪያ ከወጣቶቹ አንዱ፣ ሞተር፣ አነበበ፤ ሞተር ያሉት ንባቡ ስለሚፈጥን ነው፣ ነጥብና ሰረዝ አይዘውም። ከሱ ቀጥሎ እጁን ያወጣ ጠፋ። እቴቴ አወጣች። ስትነሣ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ጠርሙሶቹን ያስተማረቻት ልጇ መሆኗን ስትናገር «ቶት» ማለት ሲገባት «ቲችድ» አለች። ሞተር ከኋላ አረማት፤ አመስግናው ቀጠለች። የባንኳ ፀጉር ሬንጅ መስሎ የወጣበት ቦታ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና የመጨረሻውን አነበበች፤ ያን ቀን እንግሊዝኛ መሆኑን ረሳሁት የሚለውን። ያኔ የሳቀ የለም። ሁሉም እንዲህ ያለ ቀን እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

ሞተር ወጥተው ሲሄዱ ተከትሏት መጣ። «እቴቴ፣ ያንን ሰዓት ሠሪ እኔም አንብቤዋለሁ። ምንም አልሆንኩም። የቱ ጋ ነው ያለቀስሽው?» መጽሐፉን አውጥታ በረንዳው ላይ አሳየችው። ቆሞ አነበበው፤ በዝግታ።

ጽሑፉ ታርሞ ሲመለስ ገጹ በቀይ እስክርቢቶ ተዥጎርጉሯል። ከግርጌው መምህሩ፣ ቢፈቅዱልኝ በሚመጣው መንፈቅ ለጀማሪዎች ባነብላቸው ደስ ይለኛል የሚል ጽፎበታል።

«እንደ ስህተቱ ነው ወይስ ታርሞ?» ብላ ጠየቀችው።

«እርስዎ እንዳሉት።»

አሰበችበት። «ይታረም። ‹ቲችድ› ግን እንዳለች ትቅር። እሷን ሲያዩ፣ ይቺም እንዲህ እያለች ነው የጻፈችው ብለው ይደፍራሉ።»

ይህን ቤት ስታወራ ልጇ ጮኸች፦ «እማዬ! እኔ ያለሁበት ዐረፍተ ነገር ላይ? ‹አስተምራት አስተምራት ውጤቱ ይሄው› ሊሉኝ ነው!» ባሏ ከሳቁ የተነሣ የያዘው ውሃ ፈሰሰ። ማታውን ግን ልጅቷ ያንን ገጽ አንስታ ለብቻዋ ስታነበው እቴቴ አይታታለች። ምንም አላለቻትም።

አዲሱ መንፈቅ ሲጀመር እቴቴ ቀጣዩ ክፍል ገብታለች፤ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በጀማሪዎቹ በር ስታልፍ የመምህሩን ድምፅ ሰማችና ቆመች። የሷን ገጽ እያነበበ ነው። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ግድግዳውን ተደገፈች። በባንኳ ፀጉር ሳቁ። መጨረሻው ተነበበ። ከዚያ አንድ የጎለመሰ የወንድ ድምፅ «ይሄን የጻፈችው የእውነት ሰው ናት?» ሲል ሰማች። መምህሩ «የእውነት ሰው ናት፤ አሁን ፎቅ ላይ ትማራለች» አለው።

ደረጃውን ስትወጣ ዘግይታለች። አዲሷ አስተማሪ ለምን እንደዘገየች ጠየቀቻት። እቴቴ ይቅርታ ብላ ዝም ብላ ልትቀመጥ ነበር ሐሳቧ፤ አልቻለችም። እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ለክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ታች የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ ነው» አለች። ያለችውም በእንግሊዝኛ ነው።