ለገንፎዬ የተሰማራችው ላም

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሆዴ የመኪናውን መሪ መንካት በጀመረበት ሰሞን፣ አማቴ ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ቅቤ ገልጠው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉና እንደ ሰው ዕቃ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጡት።

«ምን ሆነ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ምንም አልሆነ። ይችን ቅቤ የሰጠችው ላም ሣር አታውቅም። በዚህ የአራስ ገንፎ አላገነፋም።»

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። ቅቤ ለእኔ ነጭና ቀዝቃዛ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጡብ ነበር። አማቴ ግን ጎንደር ገጠር ላም ሲያልቡ ያደጉ ናቸው። እዚህ በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት አንድ ላይ አይበላም፤ ቅቤም ከዶሮ ወጥ ከተለያየ ቆይቷል። ይህን ያለ ማጉረምረም ተቀብለውታል። «ዶሮዋ በዘይት ትሠራ፣ እሺ። ገንፎውስ ምን አጠፋ?» ይሉ ነበር።

ባሌ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ደክሞት ስለሚገባ ነገር በአጭሩ እንዲያልቅ ይወዳል።

«እማዬ፣ ቅቤ ቅቤ ነው። ገንፎው ላሟ ምን እንደበላች አያውቅም» አላቸው።

«ገንፎው አያውቅም። የሚበላው ያውቃል።»

በማግስቱ ወርቃማ ወረቀት የለበሰ የውጭ አገር ቅቤ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ላም እስከ ጉልበቷ ለምለም ሣር ውስጥ ቆማለች። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን አዩት።

«ይችስ ላም ናት። የት ነው ያለችው?»

«አውሮፓ።»

ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ጨፈገገ። «ጨው አለበት» አሉ። ባሌ ወረቀቱን አላነበበውም ነበር። የቅቤው ነገር ከእሱ እጅ ወጥቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ለመውለድ ስል ሥራ አቁሜ ቤት የዋልኩት እኔ ነኛ።

የምንኖርባት የአፉላ ከተማ ሸለቆ ላም አያጣም። አማቴን በመኪናዬ ይዤ ከከተማው ትንሽ ወጣ እንዳልን ሽታቸው ከራሳቸው ቀድሞ ደረሰን። የመጀመሪያው በረት ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ ከላሞቹ በላይ ትልልቅ ማራገቢያዎች ተሰቅለዋል። ላሞቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው የተፈጨ ነገር ይበላሉ።

«መቼ እንደሚወጡ ጠይቂልኝ» አሉኝ አማቴ።

ሠራተኛውን በዕብራይስጥ ጠየቅሁት።

«የት ይወጣሉ?» አለ ግራ ገብቶት። «ምግባቸው እዚህ ይመጣል፤ ሐኪማቸው እዚህ ይመጣል። በበጋ ማራገቢያ አላቸው።»

ተረጎምኩላቸው። አማቴ ላሞቹን በሐዘኔታ አዩዋቸው። «የእኛ ቤት ማራገቢያ ተበላሽቷል» አሉ። «እኔ ግን እወጣለሁ።»

ሰውየው ጥሬ ወተት መሸጥ እንደማይፈቀድለት ነግሮን ሊሸኘን ሲል፣ አጠገባቸው ባለው ሞሻቭ በሚባለው የገበሬዎች መንደር ለቤታቸው የምትሆን አንዲት ላም ብቻ የሚያረቡ ሽማግሌ እንዳሉ አስታወሰ። ሄድን። ሽማግሌው በልጅነታቸው ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። ላሟ ቀይ ናት፤ ባሕር ዛፍ ሥር ታስራ ደረቅ ድርቆሽ ታኝካለች። ክረምቱ ዘንቦ ስለነበር አፍንጫዋ ፊት ያለው ሜዳ ሁሉ አረንጓዴ ነው።

«ለምን አትሰማራም?» አሉ አማቴ በአማርኛ።

ሽማግሌው ላሟን፣ ሜዳውን፣ የአማቴን ፊት አዩና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ትርጉም አላስፈለገም።

«እኔ ላሰማራት፤ እሳቸው ወተት ይስጡኝ በያቸው።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው፣ «ጤነኛ ናቸው?» አሉኝ።

«ናቸው» አልኩ። በዚያ ሰዓት እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አማቴ በካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ገመዱን ይዘው በማሳው ዳር ይሄዳሉ፤ እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ብርቱካን እበላለሁ። ላሟ መጀመሪያ ሣሩን አሸተተችና ወደ ድርቆሿ ዞረች። «ረስታዋለች» አሉ አማቴ፤ አንድ እፍኝ ነጭተው አጎረሷት። ከዚያ በኋላ ሥራቸው እሷን ወደ ቤት መመለስ ሆነ። ሰናፍጭ ወዳበቀለበት ስትሄድ ደግሞ፣ «ይኽን አትንኪ፣ ቅቤውን መራራ ታደርጊብኛለሽ» እያሉ እንደ ልጅ ይቆጧታል።

ከሽማግሌው ጋር በየቋንቋቸው ያወራሉ። መጀመሪያ እተረጉም ነበር፤ በኋላ ተውኩት፤ ያለ እኔ የበለጠ ይግባባሉ። አንድ ቀን ሽማግሌው በእናታቸው ወግ ያስቀመጡትን ያረጀ ቅቤ በብርጭቆ ማሰሮ አመጡ። አማቴ አሸተው ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «ይህ ቅቤ አይደለም፣ ቂም ነው። እስከ መቼ ያቆዩታል?» በማግስቱ ኮሰረት ወስደው እንዲያሸቱት ሰጧቸው። ሽማግሌው አስነጠሳቸውና ክርክሩ በአቻ አለቀ።

ወተቱ እርጎ ሆኖ ሲበቃ መናጫ ቅል የለንም። አማቴ የወይራ ፍሬ የነበረበትን ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አጥበው፣ እርጎውን ሞልተው፣ ኳስ በሚያየው ባሌ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«እጅህ ሥራ ፈቷል» አሉት።

ናጠ። ኳሱ ወደ ግብ ሲጠጋ ይጣደፋል፤ ሲርቅ ይረሳዋል። «በአንድ ልክ ናጥ፣ ልጄ። ላሟ የማንም ደጋፊ አይደለችም» ይሉታል። ጨዋታው ሳያልቅ ቅቤው ወጣ። አማቴ ከአሬራው ለይተው በውኃ አጥበው ሲያወጡት እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። ባሌ በጣቱ ቀመሰ፤ ደግሞ ቀመሰ።

«ገንፎው የሚያውቅ ይመስለኛል» አለ።

ምጡ የጀመረኝ እዚያው ማሳው ዳር፣ ብርቱካኔን ስልጥ ነው። የመኪናዬን ጥሩምባ ነፋሁ። አማቴ መጡ፤ ሆዴን ዳሰሱ፤ ላሟን ዞረው አዩ።

«የመጀመሪያ ልጅ አይቸኩልም። ላሟን ሳላስር የት እሄዳለሁ?»

እንግዲህ እሳቸው ገመዱን ይዘው ከፊት፣ ላሟ ከመሃል፣ እኔ የመኪናዬን መብራት እያብለጨለጭሁ ከኋላ። ላሟ በየእርምጃዋ ሣር ትነጫለች። እኔ በስልክ ለባሌ፣ «ምጥ ይዞኛል፣ ላሟ ግን አልጠገበችም» እለዋለሁ፤ እሱ «ምን? ማን አልጠገበም?» ይለኛል። ከሽማግሌው በር ስንደርስ ባሌ በባልደረባው መኪና ደርሶ ነበር። እኔን ወደ ኋላ ወንበር አስገብቶ መሪውን ያዘ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ረስተው ላሟን ሊቀበሉ ሮጡ።

አማቴ ልክ ነበሩ፤ ልጄ አልቸኮለችም። በማግስቱ ጠዋት ተወለደች። አማቴ ገንፎውን በድስት አድርገው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሆስፒታል አመጡ። መሃሉ ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ንጥሩ ከበርበሬ ጋር ይወዛል። አጠገቤ የተኛችው አራስ ሽታው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ «ሣር» አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። በእርግጥም ምላሴ ላይ መጀመሪያ የመጣው ዝናብ የጠጣ ሜዳ ነበር፤ ቅቤው በኋላ ተከተለ። የድስቱ ወለል እስኪታይ በላሁ።

«ይኸው ነው?» አልኳቸው። «ድስቱ ትልቅ፣ ገንፎው ትንሽ።»

አማቴ ድስቱን ተሸክሞላቸው የመጣውን ባሌን አዩት። ጺሙ በቅቤ ያበራል። «አሳንሰር ስንጠብቅ ነው፤ አሳንሰሩ ዘገየ» አለ።

በበጋ ሣሩ ደረቀ፣ ቅቤውም ነጣ። አማቴ ለሽማግሌው፣ እስከ ዝናብ ድረስ ላሟ ጥላ ውስጥ ትረፍ አሏቸው። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሳቸው ግን «ላሟ ትናፍቃታለች» እያሉ ልጅቷን በአውቶቡስ ይዘዋት መሄዱን አልተዉም። አንድ ዓርብ ላመጣቸው ስሄድ ሽማግሌው ለልጄ ምንጣፍ አንጥፈውላት፣ ላሟ እግሯን ትልሳለች። ልጄ አላለቀሰችም። አማቴና ሽማግሌው ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ልጅቷ ማንን እንደምትመስል እየተከራከሩ ነበር።