በቡሎን ላይ የተሰመረች ነጭ መስመር

ኅዳር 15 ቀን፣ ዓርብ ጧት፣ ጆሮው የሚባለው ሽማግሌ ከእንቅልፉ ሳይነቃ በዚያው ባረፈ ጊዜ፣ የሴት ልጁ ባለ አራት ጎማ የውድድር ሞተር ሳይክል የቫልቭ ክዳኗ እንደተነሣ በጓሮው ጥላ ሥር ቆማ ነበር። በተከፈተው ሞተር ላይ ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ ተሸፍኗል። አዲሱ ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳይወጣ ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ፣ ከነመጠቅለያው በወረደው መቀመጫዋ ላይ ተቀምጧል፤ አልተገጠመም። «ጧት በብርሃን እገጥመዋለሁ» ብሎ ነበር ለሚስቱ ማታ።

ሰፈርተኛው ጆሮው ያለው ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አልነበረም። ዕድሜውን የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ማንኛውንም ፓምፕ ከመፍታቱ በፊት የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር አድርጎ ያዳምጠው ነበር። ጡረታ በወጣበት ዓመት ልጁ ይህችን ባለ አራት ጎማ ገዛች። ኮረብታ የምትወጣ፣ አሸዋ ላይ የምትፈተለክ፣ ጉልበቷ ከመጠኗ የሚበልጥ ናት። ዘይቷን መቀየር፣ ካቴናዋን ማጥበቅ፣ የአየር ማጣሪያዋን ስፖንጅ እንደ ሕፃን ልብስ በሳሙና እያሹ ማጠብ የጆሮው ሥራ ሆነ። ልጁ ከውድድር ስትመለስ ጭቃዋን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ትሮጣለች።

«አባዬ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ታጉረመርማለች።»

«አንቺ ስትጮኺባት ምን ታድርግ?»

ከዚያ ልጅቱ አገባች። ባሏ የሞተር ሳይክል ጥገና ቤት ያለው ሜካኒክ ነው፤ ባለ አራት ጎማዋም እዚያው ትታይ ጀመር።

«ወሰዳት እኮ» አለ ጆሮው አንድ ቀን እራት ላይ።

«ልጅቱን ነው ሞተሯን?» አለች ሚስቱ።

«ልጅቱንስ ድሬ ነው የሰጠሁት።»

ሚስቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። አማቹ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ ነው፤ ይኸው ነበር ይበልጥ የሚያንገበግበው። ሰካራም ቢሆን እንኳ የሚያማበት ነገር ባገኘ!

በዚያ ሳምንት የአማቹ ጥገና ቤት ወለል በሲሚንቶ ይለሰን ነበርና ባለ አራት ጎማዋ እስከ እሑዱ ውድድር በልጅቱ አባት ቤት እንድትቆም መጣች። «አትድከም አባዬ፣ ሁሉም ተሠርቶ አልቋል» አለችው ልጁ ቁልፏን እየሰጠችው። አልቋል የሚለው ቃል ከነከነው።

ረቡዕ ማታ አስነሣትና ካቻቢቴውን ጆሮው ሥር ሰክቶ አዳመጠ። ቅናት የያዘው ሰው የፈለገውን አይሰማም አይባልም፤ እሱም ሰማ።

«ቷ ቷ ትላለች። ቫልቮቿን አልለካም፤ ከለካም በሙቀቷ ነው የለካው።»

«ተው አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ።»

ሞተሩ ሲበርድ አደረ። ሐሙስ ጧት መቀመጫዋንና የነዳጅ ታንከሯን አወረደ። የክዳኑ ቡሎኖች ላይ፣ ከአናታቸው ወደ ክዳኑ የምትሻገር ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር አለች፤ ቡሎን ከላላ መስመሯ ትሰበራለች። የአማቹ ምልክት ነበረች።

«እንደ ፖስታ አሽጓታል!» ብሎ ፈታው።

ስሱን የመለኪያ ብረት በቫልቮቹ ክፍተት እየሰደደ ለካ። ብረቱ በእያንዳንዱ ውስጥ ያዝ፣ ለቀቅ እያለ አለፈ፤ ልክ እንደሚፈለገው። ደግሞ ለካ። ልክ ነው። ካንዴላውን አወጣ፤ ንጹሕ ነው። ዘይቱን በጣቱ መሐል አሸው፤ ማር ይመስላል። እንኳን ጥፋት የጣት አሻራ አልተገኘበትም። ጆሮው በንዴት ክዳኑን መለሰና፣ ጓርኒሲዮኑ ቦታው መግባቱን ሳያይ ቡሎኑን አጠበቀው። ተለማማጆቹን ሲቆጣበት የኖረውን ስሕተት ራሱ ሠራ። ላስቲኩ ተቆርጦ በጎን ወጣ። ነጮቹ መስመሮችም ተሰብረው፣ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ታያለች።

እንዲሁ ቢተዋት እሑድ መንገድ ላይ ዘይት ትረጫለች። በድብቅ ቢጠግናትም መስመሮቹ ያጋልጡታል። እሱ ደግሞ ልጁ በእጁ ላይ ካላት እምነት በቀር የሚወዳደርበት ሌላ ነገር አልነበረውም። ክዳኑን መልሶ አነሣ፣ ሞተሩን በጨርቅ ሸፈነ፣ ኮቱን ለበሰ።

አማቹ የጥገና ቤቱ ወለል እስኪደርቅ ዕቃውን ደጅ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አባባ! ምነው በደኅና?»

«የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን አለህ?»

«ለማን ሞተር?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

ጆሮው እርጥቡን ሲሚንቶ አየ። «ለሚስትህ።»

አማቹ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ክፍተቱን እንዴት አገኙት?»

«ልክ ነው።» ቃሉ እንደሚነቀል ጥርስ ወጣ።

«እስቲ ይድገሙልኝ! እሷ አንድ ቀን ልክ ነው ብላኝ አታውቅም። ቁልፍ ሳነሣ፣ አባዬ እንዲህ አይዝም ትላለች። ስፖንጁን ሳጥብ፣ አባዬ ፀሐይ ላይ አያሰጣም። የቤቱ አባወራ እኔ፣ የሚኖሩበት እርስዎ!»

ጆሮው ደስ አለው። ደስ ማለቱ አሳፈረው፤ ደስታውን ግን አልጣለውም።

አማቹ ጓርኒሲዮኑን ከነመጠቅለያው ሰጠው፤ ባለ ነጭ ቀለሙንም ብዕር ጨመረለት። «ገጥመው ሲጨርሱ ያስምሩበት። አልነግራትም።»

ጆሮው ብዕሩን መለሰለት። «ነጩ ያንተ ነው። የእኔ በሌላ ቀለም ይሁን፤ ማን እንደከፈታት ትወቅ።»

«ትቆጣለቻ!»

«ትቆጣኝ። የምትቆጣውም አባቷን ነው።»

በዚያው ሐሙስ ምሽት ሲመለስ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሊዘጋ ሲል ደረሰ።

«ብረት ላይ የሚጽፍ ብዕር ስጪኝ።»

«ምን ቀለም ይሁንልዎ?» አለች ሻጯ።

«ከነጭ አጠገብ ሲሆን ከነጭ የበለጠ የሚታይ።»

ቢጫ ሰጠችው። በበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ ትንሽ አሰመረ፣ እፍ አለበት፣ በአውራ ጣቱ አሸው። አልለቀቀም። ከፈላት፣ የብዕሩን ቆብ ገጥሞ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ኪሱን ቆለፈ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።